የካዚኖ ገንዘብ ለታዳጊ እግር ኳስ፦ አልበርታ ውስጥ አካዳሚ ለምትመሩ

በካናዳዋ የአልበርታ ክፍለ ግዛት ልጆችን ኳስ የሚያሠለጥን ሰው ሁሉ ኖቬምበር ሲገባ ተመሳሳይ ጣጣ ይገጥመዋል። በጋውን በሰፈር መስክ ላይ እንደልብ ሲሮጡ የነበሩት ልጆች መሄጃ ያጣሉ። በረዶው ከወረደ በኋላ ያለው አማራጭ የቤት ውስጥ ሜዳ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ በሰዓት ይከራያል፤ ኪራዩም ቀላል አይደለም። የሊግ መመዝገቢያ፣ ኢንሹራንስ፣ የዳኛ ክፍያና ማሊያ ሲጨመርበት ሦስት ልጆች ያሉት ቤተሰብ ሁለቱን ያስቀራል። የኮሚቴው ሰብሳቢም የሐበሻ ምግብ ቤቶችን እየዞረ ስፖንሰር ይለምናል።

ኤድመንተን ያደገው ታዋቂው የካናዳ ኳስ ተጫዋች አልፎንሶ ዴቪስ ለኳስ የበቃው በዚህ ቀዳዳ ሳይወድቅ በመቅረቱ ነው። ጋና በሚገኝ የስደተኞች ካምፕ የተወለደው ልጅ የጀመረው ፍሪ ፉቲ በተባለው፣ መክፈል ለማይችሉ ልጆች በተዘጋጀ ነፃ ፕሮግራም ነው። እኛም ሰፈር እንዲህ ያለ ዕድል የሚጠብቁ ልጆች ሞልተዋል። ለዚህ ሥራ አልበርታ ውስጥ ሕጋዊ የሆነ ትልቅ የገንዘብ ምንጭ አለ፤ ከካዚኖ የሚገኘው የበጎ አድራጎት ድርሻ። ብዙ የኛ ማኅበራት ስለ እሱ ሰምተዋል፤ እስከ መጨረሻው የሚዘልቁት ግን ጥቂት ናቸው። ገንዘቡን የሚያመጣው ከሁለት ዓመት በፊት በሥርዓት የተያዘ ቃለ ጉባኤና በሰዓቱ የሞላ የፈረቃ ዝርዝር ነው።

አሠራሩ እንዴት ነው?

የካናዳ የወንጀል ሕግ ቁማርን በመርህ ደረጃ ይከለክላል። አንቀጽ 207 ግን ክፍለ ግዛቶች ለበጎ አድራጎትና ለሃይማኖት ድርጅቶች ፈቃድ እንዲሰጡ በር ይከፍታል። አልበርታ ይህን በር ከሌሎቹ በተለየ መንገድ ተጠቅማበታለች። እዚህ አገር ካዚኖ ውስጥ በየዕለቱ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ፈቃዱን ይዞ ይሠራል። አንድ ድርጅት ሁለት ተከታታይ ቀናት ይደርሰዋል። በነዚያ ቀናት አባላቱ በነፃ ይሠራሉ፤ በለውጡም ከገቢው ድርሻ ያገኛሉ። ተቆጣጣሪው የአልበርታ የቁማር፣ የመጠጥና የካናቢስ ኮሚሽን ነው፤ ሁሉም ሰው ኤጂኤልሲ ይለዋል።

ካዚኖ ውስጥ ካሉት የስሎት ማሽኖች (ገንዘብ እየከተቱ የሚጫወቱባቸው የቁማር ማሽኖች) ከሚገኘው የተጣራ ገቢ 15 በመቶው ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች፣ 15 በመቶው ለካዚኖው ባለቤት፣ 70 በመቶው ለክፍለ ግዛቱ ይሄዳል። ከጠረጴዛ ጨዋታዎችም ለብቻው የሚሰላ ድርሻ አለ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «የኛ ቀን ማክሰኞና ረቡዕ ነው፤ ሰው የለም፤ ምንም አናገኝም» ይባላል። የናንተ ቀን ብርድ የበዛበት ማክሰኞ ቢሆንም ችግር የለም። በአንድ አካባቢ የሦስት ወር ገቢ ይሰበሰብና በዚያ ሩብ ዓመት ለሠሩት ድርጅቶች እኩል ይካፈላል። ቅዳሜ የሠራውም ማክሰኞ የሠራውም ያው ነው። ገንዘቡ የሚገባውም ሩብ ዓመቱ ተዘግቶ ሒሳቡ ከተሠራ በኋላ ነው። ስለዚህ ካዚኖውን ዛሬ ሠርታችሁ በሚቀጥለው ሳምንት ኪራይ ለመክፈል አታስቡ።

ተራው ካልጋሪና ኤድመንተን ላሉት በግምት በየሁለት ዓመቱ ይደርሳል። ከትልልቅ ከተሞች ውጭ ያሉት የበለጠ ይጠብቃሉ፤ ከሦስት ዓመት በላይ የጠበቁም አሉ፤ የሚደርሳቸውም ያንሳል። ለምሳሌ ብሩክስ ብዙ ወገኖቻችን በሥጋ ፋብሪካው የሚሠሩባት ከተማ ናት። ከተማዋ ውስጥ ካዚኖ ስለሌለ ፈቃደኞቹ ሌላ ከተማ ድረስ መሄድ አለባቸው። ይህ ልዩነት ትክክል ነው ብዬ አላምንም፤ የገጠር ማኅበራትም ለዓመታት አቤቱታ ሲያቀርቡበት የኖረ ጉዳይ ነው። ብሩክስ ላላችሁ ግን እስኪስተካከል ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይሆንም፤ ወረፋውን ቀድሞ መያዝ ይሻላል።

ከሁሉ በፊት ከወላጆች ጋር ተነጋገሩ

ይህን ደረጃ የሚዘል ኮሚቴ በኋላ ይጨነቃል። በማኅበረሰባችን ውስጥ ቁማርን ኃጢአት የሚል ኦርቶዶክስ፣ ሐራም የሚል ሙስሊም፣ በጭራሽ የማይነካ ጴንጤ አለ። እምነቱን ወደ ጎን ብንተውም ቁማር ትዳሩን ያፈረሰበት ሰው የማያውቅ ማን ነው? አገር ቤትም የስፖርት ውርርድ ቤቶች ወጣቱን እንዴት እንደያዙት እናያለን። እና አንድ እናት ተነሥታ «ልጄን በቁማር ገንዘብ አላሠለጥንም» ብትል ልትሰማ ይገባል።

እኔ ገንዘቡ ይወሰድ ከሚሉት ወገን ነኝ። እኛ ወረፋ ባንይዝ ካዚኖው አንድ ሰዓት እንኳ አይዘጋም፤ ድርሻው ለሌላ ማኅበር ይሄዳል። የኛ ልጆች ግን ክረምቱን ሶፋ ላይ ያሳልፋሉ። ቢሆንም ውሳኔው የአንድ ሰብሳቢ መሆን የለበትም። ጠቅላላ ጉባኤ ሰብስቡ፤ ጉዳዩን አስረዱ፤ ድምፅ ስጡ፤ ውጤቱን በቃለ ጉባኤ ጻፉ። ከዚያ ሦስት ነገር ወስኑ።

አንደኛ፣ ካዚኖ ውስጥ መሥራት ሕሊናው የማይፈቅድለት ወላጅ አይገደድ። እሱ ሜዳ ላይ ውሃ ያቅርብ፣ ልጆች ያመላልስ፣ መዝገብ ይያዝ። ሁለተኛ፣ የካዚኖ ስም በልጆች ማሊያ ላይ አይታተም። የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ክለቦች እንኳ በ2023 የውርርድ ድርጅቶችን ከማሊያቸው ፊት ለማውጣት ተስማምተዋል። ሦስተኛ፣ ከቁማር ጋር የሚታገል ሰው ለፈረቃ አይመደብ። ራሱን ከካዚኖ ያሳገደ ሰው መግባትም አይፈቀድለትም። ይህን በግሩፕ ቻት አትጠይቁ። ሰዉን በሚያውቀው ሰው በኩል፣ ለብቻው፣ በክብር ይጠየቅ።

አካዳሚው የማን ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የሚሰናከለው እዚህ ነው። አንድ ጎበዝ አሠልጣኝ በስሙ አካዳሚ ይከፍታል። ከወላጆች ወርኃዊ ክፍያ ይሰበስባል፤ በዚያ ይኖራል። ሥራው የሚያስመሰግን ሊሆን ይችላል፤ በሕግ ዓይን ግን የግል ንግድ ነው፤ የካዚኖ ፈቃድም አያገኝም። ገንዘቡ ለትርፍ ላልቆመ፣ ኮሚቴውን አባላቱ ለሚመርጡት ማኅበር ብቻ ነው የሚሰጠው።

መፍትሔው አካዳሚውን በአልበርታ የማኅበራት ሕግ መሠረት ማስመዝገብ ነው። ለምሥረታ ቢያንስ አምስት ሰዎች ያስፈልጋሉ። በመጀመሪያ የመረጣችሁት ስም በሌላ አለመያዙን የሚያሳይ የኑዋንስ ሪፖርት ከሬጅስትሪ ቢሮ ታወጣላችሁ። ቀጥሎ የማኅበሩን ዓላማና መተዳደሪያ ደንብ አዘጋጅታችሁ ታስገባላችሁ።

ዓላማው ላይ ብዙ አስቡበት። «የኢትዮጵያውያንን ባህል ማሳደግ፣ መረዳዳት፣ ስፖርት፣ ቋንቋ» እየተባለ ሁሉ ነገር የሚታጨቅበት ደንብ አይቻለሁ። ኤጂኤልሲ የሚያየው ማኅበሩ ለሰፊው ሕዝብ ምን ጥቅም እንደሚሰጥ ነው። ስለዚህ በግልጽ ጻፉት፦ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች፣ የቤተሰባቸው አቅም ሳይለይ፣ የእግር ኳስ ሥልጠናና ውድድር ማዘጋጀት። በሩንም ለሁሉም ልጆች ክፍት አድርጉት። አብዛኞቹ ልጆች የኛ ቢሆኑ ችግር የለውም። «ለኢትዮጵያውያን ልጆች ብቻ» የሚል ቃል ግን ደንቡ ውስጥ ካለ አውጡት። የኤርትራዊው፣ የሱዳናዊው፣ የፊሊፒናዊው ጎረቤት ልጅ ቢመጣ ቡድኑም ይጠነክራል።

የአዋቂዎቹን ቡድን ለዩ። ቅዳሜ ከሰዓት የሚጫወቱትና በየሐምሌው ለሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌስቲቫል የሚዘጋጁት ወንድሞቻችን ለማኅበረሰቡ ብዙ ሠርተዋል። ፌስቲቫሉን የሚያዘጋጀው ፌዴሬሽንም ከ1984 ጀምሮ ይኸው ሕዝቡን ያገናኛል። ሆኖም የአዋቂ መዝናኛ ስፖርት በመደበኛው ለዚህ ገንዘብ ብቁ አይደለም። ሁለቱ አንድ ካዝና ከተጋሩ የልጆቹም ማመልከቻ ይጎዳል።

ሥራ አስፈጻሚው ደመወዝ የማይከፈለው መሆን አለበት። አሠልጣኙ የሚከፈለው ከሆነ ከኮሚቴው ይውጣ፤ ተጠሪነቱ ለኮሚቴው ይሁን። ይህ ንግግር ከባድ ነው። አካዳሚውን ከባዶ የጀመረው ሰው «ልጄን ቀማችሁኝ» የሚል ስሜት ሊያድርበት ይችላል። ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ የሥራ ውል ጻፉለት፤ የቴክኒክ ውሳኔው የእሱ መሆኑን አረጋግጡለት። ባልና ሚስት፣ ወንድምና እህት ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ ሆነው ቼክ አብረው መፈረማቸውም ይቅር። ሕግ ቢፈቅደው እንኳ ሐሜቱ ቡድኑን ይበትነዋል።

አንድ አንቀጽ እንዳትረሱ። ማኅበሩ ቢፈርስ የተረፈው የካዚኖ ገንዘብ ብቁ ለሆነ ሌላ በጎ አድራጎት ድርጅት እንደሚተላለፍ ደንቡ መናገር አለበት። ይህ አንቀጽ ከጎደለ ማመልከቻው ይመለሳል።

ሁለቱ ዓመታት

ለካዚኖ ፈቃድ ከማመልከታችሁ በፊት ማኅበሩ ቢያንስ 24 ወር በሥራ ላይ መቆየት አለበት። ተመዝግቦ መቀመጥ አይቆጠርም፤ ልጆችን በእርግጥ ሲያሠለጥን መቆየቱ በማስረጃ መታየት አለበት።

ታዲያ ማስረጃው ምንድን ነው? የየሳምንቱ የልጆች ስም ዝርዝር፣ ከነዕድሜያቸው። የሜዳ ኪራይ ደረሰኝ በማኅበሩ ስም። በአሠልጣኙ የግል ካርድ የተከፈለና በማንም ስም ያልወጣ ደረሰኝ ዋጋ የለውም። የሊግ ምዝገባ። በየዓመቱ የተደረገ ጠቅላላ ጉባኤ ቃለ ጉባኤና የቀረበ የሒሳብ ሪፖርት። ለሬጅስትሪ የገባ ዓመታዊ መግለጫ፤ ይህ ከቀረ ማኅበሩ ከመዝገብ ሊሰረዝ ይችላል።

እድር ያስተዳደረ ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል። የአባላት መዝገብ፣ የቀረ ሰው ስም፣ የገባና የወጣ ብር፣ የሁለት ሰው ፊርማ። እናቶቻችንና አባቶቻችን አገር ቤት በሰማያዊ ደብተር የያዙትን ሥርዓት እዚህ በኮምፒውተር መያዝ ማለት ነው። በየወሩ መጨረሻ ሠላሳ ደቂቃ መድባችሁ ወረቀቱን ስካን አድርጉ። ስልክ ውስጥ የቀረ የደረሰኝ ፎቶ ከስልኩ ጋር ይጠፋል።

እግረ መንገዳችሁን የልጆች ደኅንነት ወረቀቶችንም አሟሉ። እያንዳንዱ አሠልጣኝና ረዳት ከሕፃናት ጋር ለሚሠሩ ሰዎች የሚደረገውን የፖሊስ ምርመራ ያምጣ። ለካዚኖ ባይጠየቅ እንኳ ልጆቹን ለማን እንደሰጣችሁ ማወቅ ግዴታችሁ ነው።

እስከዚያው ከየት ይበላል? ለመመዝገቢያ ክፍያ ኪድስፖርትና ጃምፕስታርት የተባሉት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አቅም ለሌላቸው ቤተሰቦች ይረዳሉ። ማመልከቻው በልጁ ስም ስለሆነ ወላጆችን ተቀምጣችሁ አስሞሉ፤ ብዙዎች የሚቀሩት ቅጹ እንግሊዝኛ ስለሆነባቸው ነው። የራፍል ዕጣ ማውጣትም ይቻላል። እሱም ግን ቁማር ነውና የኤጂኤልሲ ፈቃድ ይፈልጋል። በአዲስ ዓመት ዝግጅት ላይ ያለ ፈቃድ ቲኬት መሸጥ የለመድነው ነገር ነው፤ ለካዚኖ ለሚያመለክት ማኅበር ግን አደጋ አለው።

ማመልከቻው

ማመልከቻው ለኤጂኤልሲ ይገባል። መጀመሪያ ማኅበሩ ብቁ መሆኑ ይጣራል፤ ብቁ ከሆነ ወረፋ ይይዛል። ኮሚሽኑ ጌይን የተባለ ሥልጠና ለማኅበራት ይሰጣል። ሰብሳቢውና ገንዘብ ያዡ ብቻ ባይሄዱ ጥሩ ነው። በሚቀጥለው ምርጫ እነሱ ቢወርዱ እውቀቱ አብሮ ይሄዳል፤ አንድ ወጣት ጨምሩበት።

ከማመልከቻው ሁሉ ልብ የሚፈልገው «ገንዘቡን ለምን ታውሉታላችሁ» የሚለው ክፍል ነው። እዚያ ካልተጻፈና ካልጸደቀ ወጪ በኋላ መክፈል አትችሉም። «ለስፖርት ዕቃ» ብላችሁ ብቻ ካጸደቃችሁ በኋላ ትልቁ ወጪያችሁ የሜዳ ኪራይ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ያለፉትን ሁለት ዓመታት ደረሰኞች ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ በየዓይነቱ ለዩ፤ ሜዳ፣ ምዝገባ፣ ዳኛ፣ ኢንሹራንስ፣ ዕቃ፣ ማሊያ፣ የአሠልጣኝ ክፍያ፣ ትራንስፖርት። እያንዳንዱን በስሙ ጻፉት። ደንቡ በየጊዜው ስለሚሻሻል በዕለቱ ሥራ ላይ ያለውን መመሪያ አንብቡ፤ ወዳጃችሁ ከአምስት ዓመት በፊት በሠራው አትመሩ።

ሁለቱ የካዚኖ ቀናት

ቀኑ ሲወጣ ደስታ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ሰው ፍለጋ ይጀመራል። ሁለት ቀን፣ የቀንና የማታ ፈረቃ፣ በያንዳንዱ ብዙ ቦታ። ሁሉም ፈቃደኞች 18 ዓመት የሞላቸውና ክፍያ የማይቀበሉ መሆን አለባቸው። ኤጂኤልሲ የሚያውቃቸው የካዚኖ አማካሪዎች አሉ፤ በክፍያ ዝግጅቱንና ዕለቱን ይመራሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ቅጠሩ።

ቦታዎቹን እወቁ። ጄኔራል ማናጀሩ ማኅበሩን ወክሎ ሁሉን ይቆጣጠራል፤ ምክትልም አለው። ባንከሩ ጥሬ ገንዘቡንና ቺፑን፣ ማለትም በገንዘብ ፈንታ የሚጫወቱበትን ምልክት፣ ይይዛል። ካሸሮቹ ለተጫዋቾች ቺፕ ይመነዝራሉ። ቺፕ ራነር የሚባሉት ከገንዘብ ክፍሉ ወደ ጠረጴዛዎቹ ቺፕ ያመላልሳሉ፤ እግሩ ጠንካራ ሰው ይፈልጋል፤ ስኒከር ያድርግ።

ከባዱ የቆጠራ ክፍል ነው። ሥራው ማታ አምሽቶ ይጀምርና እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሄዳል። ከየጠረጴዛው ሥር የመጣው የብር ሣጥን ይከፈታል፤ ብሩ ጠረጴዛው ላይ ይዘረገፋል፤ አንዱ ይለያል፣ ሌላው ይቆጥራል፣ ሌላው ይመዘግባል። ኪስ የሌለው ልብስ ይለበሳል። ካሜራ ከላይ ያያል። እጅን ከጠረጴዛው ከማንሣት በፊት መዳፍን ከፍቶ ለካሜራው ማሳየት ልማዱ ነው። ወላጆች ይህን አስቀድመው ካልሰሙ «ሌባ መሰልናቸው እንዴ?» ብለው ይከፋቸዋል። ሥርዓቱ ለሁሉም አንድ እንደሆነና ራሳቸውንም ከጥርጣሬ እንደሚጠብቅ ቀድማችሁ አስረዱ። ለዚህ ክፍል እንቅልፍ የማይጥላቸውን፣ ጸጥ ያሉትን መድቡ። የሌሊት ታክሲ የሚነዱና በሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ የለመዱ ወላጆች እዚህ ወርቅ ናቸው።

ፈረቃው ላይ ያለ ሰው መጫወትም ጉርሻ መቀበልም የለበትም። ይህን በአማርኛ ጽፋችሁ ለያንዳንዱ ስጡ። ስሞችን ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ሙሉ፤ ለያንዳንዱ ፈረቃ ሁለት ተጠባባቂ ያዙ። «እመጣለሁ» ያለ ሁሉ አይመጣም፤ ልጅ ይታመማል፣ ሥራ ይጠራል። ቀኑ ከፋሲካ፣ ከጾም ፍቺ ወይም ከጥምቀት ጋር መጋጨቱን ቀኑ እንደወጣ ተመልከቱ። ከሌላ ማኅበር ጋር ሰው መበዳደርም ጥሩ ዘዴ ነው፤ እናንተ ለእነሱ አምስት ሰው ላኩ፣ እነሱ ለእናንተ ይልካሉ። ቁልፍ ቦታዎቹን ግን የራሳችሁ አባላት ይያዙ።

ሕፃናት ያሏቸው እናቶች እንዲሠሩ ከፈለጋችሁ ልጆቻቸውን የሚጠብቅ ሰው አዘጋጁ። ካዚኖ ላይ መቆም የማይፈልጉት ወላጆች ይህን ቢይዙ ሁሉም በአቅሙ ተሳተፈ ማለት ነው።

ከአልበርታ ውጭ ላላችሁ

መንገዱ በየቦታው ይለያያል። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ካዚኖ ገብቶ መሥራት የለም፤ መንግሥት ከቁማር ገቢ በዓመት 140 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መድቦ በማመልከቻ ያድላል። የስፖርት ማመልከቻ የሚከፈተው ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል ባለው ጊዜ ነው። እንግሊዝ አገር ለምትኖሩ ደግሞ ከ1994 ጀምሮ የሚሠራው ናሽናል ሎተሪ ለትንንሽ ማኅበራት እስከ 20,000 ፓውንድ የሚሰጥበት አዋርድስ ፎር ኦል የተባለ ፕሮግራም አለው። ቅጾቹ ይለያያሉ እንጂ የሚጠየቀው ያው ነው፤ የተመረጠ ኮሚቴ፣ ደንብ፣ በሁለት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ።

ገንዘቡ ሲገባ

ለብቻው የባንክ ሒሳብ ይከፈት። የወላጅ ክፍያ፣ የስፖንሰር ገንዘብ፣ የምግብ ሽያጭ ገቢ እዚያ አይገባም። ሁለት ፈራሚ ይኑር፤ ባዶ ቼክ ላይ አስቀድሞ መፈረም ክልክል ይሁን።

ቼኩ እንደገባ ሁሉም ሐሳብ ያመጣል። አዲስ ቱታ፣ ትልቅ ግብዣ፣ ወደ ቶሮንቶ ጉዞ። ረጋ በሉ። ለሒሳብ እንዲመች 60,000 ዶላር ደረሰን እንበል። የሚቀጥለው ተራ ከሁለት ዓመት በኋላ ከሆነ በወር 2,500 ዶላር ማለት ነው። አሁን የሜዳ ኪራዩን ለሁለት ክረምት አስሉ፤ ኢንሹራንሱንና ምዝገባውን ጨምሩ። የተረፈው ምን ያህል እንደሚያንስ ስታዩ የግብዣው ሐሳብ በራሱ ይቀራል። ግብዣ ለነገሩ ከዚህ ገንዘብ አይከፈልም።

ክረምቱን አስቀድሙ። ማሊያ ልጆቹን ደስ ያሰኛል፤ ልጅን ኳስ ተጫዋች የሚያደርገው ግን ከኖቬምበር እስከ ማርች ሳይቋረጥ የሚደረግ ልምምድ ነው። ማሊያና መረብ ስትገዙም ንብረቱ የማኅበሩ ይሁን። ቁጥር ስጡት፤ ለልጁ ስትሰጡ አስፈርሙ፤ ሲያድግ ይመልስ፣ ለታናሹ ይሰጥ።

ከአልበርታ ውጭ ለሚደረግ ጉዞ ከመክፈላችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። አገር ቤት ላለ የታዳጊ ፕሮጀክት ኳስና ታኬታ የመላክ ፍላጎትም ይመጣል። ፍላጎቱ የሚያኮራ ነው፤ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ከዚህ ሒሳብ አንድ ዶላር እንዳይወጣ። ለዚያ ለብቻ መዋጮ አድርጉ።

የአሠልጣኝ ክፍያን በተመለከተ፣ ውል፣ የሰዓት መዝገብና የተፈረመ ደረሰኝ ሦስቱም ይኑሩ። «ለእገሌ 800» ተብሎ የተጻፈ ቼክ ከዓመት በኋላ ማንም ሊያስረዳ አይችልም። ጥሩ መዝገብ ይህን ይመስላል፦ የቼክ ቁጥር፣ ቀን፣ ለማን፣ «ከ12 ዓመት በታች ቡድን፣ የጃንዋሪ አራት ቅዳሜዎች፣ የቤት ውስጥ ሜዳ፣ በቀን ሁለት ሰዓት»፣ የጸደቀው የወጪ ዓይነት፣ ከጀርባው የሜዳው ደረሰኝ። አንድ መስመር፣ አንድ ቼክ፣ አንድ ደረሰኝ።

ገንዘቡ ለዘለዓለም ሊቀመጥም አይችልም፤ መጠቀሚያ ጊዜ አለው። ለትልቅ ነገር የምታጠራቅሙ ከሆነ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። ዓመታዊውን የሒሳብ ሪፖርት ለኤጂኤልሲ በወቅቱ ላኩ፤ የዘገየ ሪፖርት የሚቀጥለውን ፈቃድ ያዘገያል። ለወላጆችም በአማርኛ አንድ ገጽ አዘጋጅታችሁ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አድሉ። ስንት ገባ፣ በምን ወጣ፣ ስንት ቀረ። በመጀመሪያው ስብሰባ የተቃወመችው እናት ያቺን ገጽ ማየት ይገባታል።

ገንዘብ ያዡ ሲቀየር አሮጌውና አዲሱ አብረው ቁጭ ብለው የባንኩን መግለጫ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክሩ፤ ሁለቱም ይፈርሙ። ባንክ ሄዳችሁ ፈራሚውን በዚያው ሳምንት ቀይሩ፤ የተቀየሩትን የኮሚቴ አባላት ስም ለኤጂኤልሲ አሳውቁ። ለሚቀጥለው ዙር ማመልከቻ መቼ ማስገባት እንደምትችሉም ወዲያው ጠይቁና ቀኑን ለአዲሱ ኮሚቴ በጽሑፍ ስጡ።